የቴሌቪዥን ገንዘብ የፈታው ማኅበር

ማኅበር የሚጸናው አባሎቹ አንዱ ከሌላው የሚያገኘውን ጥቅም ብቻ ሳይሆን፣ አንዱ ለሌላው የሚሸከመውንም ሸክም ተቀብለው ሲኖሩ ነው። ጥቅሙ ብቻ የታየ ዕለት ማኅበሩ ገበያ ይሆናል፤ ገበያ ደግሞ ሲመሽ ይበተናል። ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን ታሪክ በቅርብ ዓመታት በአሜሪካ አገር ዩኒቬርሲቲዎች መካከል ስለ ተፈጸመ፣ ለተማሪዎችና በመንግሥት ሥራ ላይ ለተሰማሩ ወጣቶች ይጠቅማል ብለን ዛሬ ጥቂት ልንገልጽ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻና በዚያው አካባቢ የሚገኙ ዐሥራ ሁለት ዩኒቬርሲቲዎች «ፓክ ትዌልቭ» የሚባል የስፖርት ማኅበር ነበራቸው። ማኅበሩ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነበር። ኦገስት 4 ቀን 2023፣ በአንዲት ዓርብ ዕለት፣ አምስቱ አባሎች ባንድ ቀን ማኅበሩን ለቀው ወደ ሌላ ማኅበር ለመግባት መወሰናቸው ተነገረ። ከእነርሱ በፊት ሦስት ወጥተው ነበር፤ ከእነርሱም በኋላ ወር ሳይሞላ ሁለት ወጡ። ከዐሥራ ሁለቱ ሁለት ብቻ ቀሩ። ጦር አልመጣባቸውም፤ ረኃብም አልገባባቸውም፤ የሚያጣላ የድንበር ክርክርም አልነበረባቸውም። የለያያቸው የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው።

ጨዋታውና ጎረቤቱ

አንባቢዎቻችን እንዳይሳሳቱ አስቀድመን አንድ ነገር እንግለጽ። አሜሪካኖች እግር ኳስ የሚሉት እኛ የምናውቀውን ጨዋታ አይደለም። የእነርሱ ኳስ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትና የሚወረወር ነው። ከእያንዳንዱ ወገን ዐሥራ አንድ ሰው ጠንካራ ቆብ ደፍቶ ይሰለፋል፤ ግፊያውም ብርቱ ነው። ሌላው ለእኛ እንግዳ የሚሆነው የኮሌጅ ቡድን በዚያ አገር የተማሪዎች መዝናኛ ብቻ አለመሆኑ ነው። የሚሺጋን ዩኒቬርሲቲ ስታዲየም 107,601 ተመልካች ይይዛል። ባለሙያ ቡድን በሌለበት ክፍለ አገር ሁሉ ሕዝቡ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚነሣውም የሚቀመጠውም በኮሌጁ ቡድን ምክንያት ነው።

እነዚህ ኮሌጆች ከጥንት ጀምሮ የሚጋጠሙት በየአካባቢያቸው ማኅበር እያቆሙ ነው። ማኅበሩንም «ኮንፈረንስ» ይሉታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ያን ጊዜ መጓጓዣው ባቡር ስለ ነበረ፣ ተማሪው ቅዳሜ ተጫውቶ ሰኞ ከመማሪያ ክፍሉ ሊገኝ የሚችለው ከጎረቤቱ ጋር ሲጋጠም ብቻ ነው። በዲሴምበር 1915 በኦሪገን ክፍለ አገር በፖርትላንድ ከተማ አራት ኮሌጆች ተሰብስበው የፓስፊክ ዳርቻን ማኅበር ያቋቋሙትም በዚህ ዐሳብ ነው። እነርሱም የካሊፎርኒያ፣ የዋሽንግተንና የኦሪገን ዩኒቬርሲቲዎች፣ እንዲሁም ዛሬ ኦሪገን ስቴት የሚባለው የእርሻ ኮሌጅ ናቸው። በ1917 ዋሽንግተን ስቴት፣ በ1918 ደግሞ ስታንፎርድ ተጨመሩ። ማኅበሩ በ1959 በተጫዋቾች ክፍያ ክርክር ፈርሶ እንደ ገና ቢሠራም፣ ስሙም ደጋግሞ ቢለወጥ፣ ጉርብትናው ግን አልተቋረጠም ነበር።

ከጉርብትና ደግሞ ፉክክር ይወለዳል። ኦሪገንና ኦሪገን ስቴት ከ1894 ጀምሮ፣ ዋሽንግተንና ዋሽንግተን ስቴት ከ1900 ጀምሮ ይጋጠማሉ። ባንድ ቤት ወንድም ከአንደኛው፣ እኅት ከሌላው ተመርቀው፣ ጨዋታው በደረሰ ቁጥር በገበታ ላይ ይከራከራሉ። ይህ ክርክር በገንዘብ የማይገመት ሀብት ነበር፤ ችግሩም የመጣው በገንዘብ ሊገመት የጀመረ ዕለት ነው።

ሁሉም እኩል የተካፈሉበት ዘመን

ቴሌቪዥን በአሜሪካ ሲስፋፋ የኮሌጆቹ ሹማምንት ደንግጠው ነበር። ሰው በቤቱ ተቀምጦ ጨዋታውን ካየ፣ ወደ ስታዲየም መጥቶ የመግቢያ ዋጋ ማን ይከፍላል? አሉ። ስለዚህ የአገሪቱ ኮሌጆች ጠቅላይ የስፖርት ማኅበር ከ1951 ጀምሮ በቴሌቪዥን የሚታየውን ጨዋታ ቁጥር በደንብ ወሰነ። ከዚያ ወዲያ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ሻጩ አንድ ጠቅላይ ማኅበሩ ብቻ ሆነ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በነበረው ደንብ አንድ ቡድን በሁለት ዓመት ውስጥ ከስድስት ጊዜ በላይ በቴሌቪዥን እንዲታይ አይፈቀድለትም ነበር። ኤ.ቢ.ሲ. እና ሲ.ቢ.ኤስ. የተባሉት ሁለት ኩባንያዎች ለአራት ዓመት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 131,750,000 ዶላር ለመክፈል ተዋውለው ነበር።

የዚህ ሥርዓት ጠባይ ባንድ ምሳሌ ይታወቃል። በ1981 በመጸው ወራት በአንድ የሳምንት መጨረሻ ኤ.ቢ.ሲ. ሁለት ጨዋታዎችን አሳየ። አንደኛው በኦክላሆማና በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቬርሲቲዎች መካከል የተደረገው ታላቅ ግጥሚያ ሲሆን፣ ከ200 በሚበልጡ ጣቢያዎች ታየ። ሁለተኛው ሲታደልና አፓላቺያን ስቴት የተባሉ ትንንሽ ኮሌጆች የተጋጠሙበት ሲሆን፣ በአራት ጣቢያዎች ብቻ ታየ። ይሁን እንጂ አራቱም ቡድኖች የተቀበሉት ገንዘብ እኩል ነበር።

ለትንሹ ይህ ፍትሕ ነው፤ ለትልቁ ግን በደል ሆኖ ታየው። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቬርሲቲዎች «የራሳችንን ጨዋታ ራሳችን እንሽጥ» ብለው ከሰሱ። ነገሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ጁን 27 ቀን 1984 ሰባት ዳኞች ለከሳሾቹ፣ ሁለት ዳኞች ለጠቅላይ ማኅበሩ ፈረዱ። የብዙኃኑን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ፣ ጠቅላይ ማኅበሩ የጨዋታውን ቁጥር በመወሰኑ ነፃ ንግድን የሚከለክለውን ሕግ አፍርሷል አሉ። በልዩነት የጻፉት ዳኛ ባይረን ዋይት ደግሞ፣ በወጣትነታቸው በኮሎራዶ ዩኒቬርሲቲ የታወቁ የእግር ኳስ ተጫዋች የነበሩ ሰው ናቸው። እርሳቸውም ደንቡ ጨዋታውን ከትምህርት ጋር ለማስተባበር የተሠራ ስለ ሆነ፣ ኮሌጆች እንደ ተራ ነጋዴ ሊቈጠሩ አይገባም ሲሉ ተከራከሩ።

ብዙ ሻጭ፣ ጥቂት ገዥ

ነፃነቱ በመጀመሪያ ያመጣው ትርፍ ሳይሆን ኪሳራ ነው። ትናንት አንድ ሻጭ የነበረበት ገበያ ባንድ ጊዜ በብዙ ሻጭ ሲሞላ፣ የአንዱ ጨዋታ ዋጋ ወደቀ። ኮሌጆቹም ብቻ ለብቻ ከመሸጥ በየማኅበራቸው ሆኖ መሸጥ እንደሚሻል ተረዱ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደ ተባለው ነው። ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ አደገኛ ነበር፤ ይኸውም «አብሮን ቢሸጥ ዋጋችንን ከፍ የሚያደርግልን ማን ነው? ዝቅ የሚያደርግብንስ ማን ነው?» የሚለው ነው። ጎረቤቱን በዚህ ሚዛን መመዘን የጀመረ ማኅበር ወደ ቀድሞ ጠባዩ አይመለስም።

አርካንሳስ ከቴክሳስ ኮሌጆች ጋር የነበረውን የቆየ ማኅበር ትቶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቁ ማኅበር ገባ። በ1996 ያ የደቡብ ምዕራብ ማኅበር ጨርሶ ፈረሰ፤ ከአባሎቹም አራቱ ተመርጠው ከመካከለኛው አገር ኮሌጆች ጋር አዲስ ማኅበር ሲያቆሙ፣ የቀሩት የትም ተበተኑ።

በ2007 ደግሞ ሌላ ብልሃት ተገኘ። «ቢግ ቴን»፣ ማለት «ታላላቆቹ ዐሥር»፣ የተባለው ማኅበር የራሱን የቴሌቪዥን ጣቢያ ከፈተ። የኬብል ቴሌቪዥን ያስገባ ቤተሰብ፣ ጨዋታውን ተመለከተም አልተመለከተም፣ በየወሩ ከሚከፍለው ሒሳብ ለጣቢያው ጥቂት ይደርሰዋል። ስለዚህ አዲስ አባል ሲፈለግ የቡድኑ ብርታት ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ ያሉት ቤቶች ብዛት መቈጠር ጀመረ። በ2014 ለኒው ዮርክ ከተማ የሚቀርበው ራትገርስና ለዋሽንግተን ከተማ የሚቀርበው ሜሪላንድ ወደ ማኅበሩ የገቡት በዚህ ስሌት ነው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ሕዝቡ ኬብሉን እየተወ ፊልሙንም ቴአትሩንም በፈለገው ሰዓት በኢንተርኔት ያይ ጀመር። በቀጠሮ ሰዓት ተመልካችን በብዛት አስቀምጦ ማስታወቂያ የሚያሳይ ነገር እየጠፋ ሲሄድ፣ የስፖርት ግጥሚያ ብቻ እንደ ወርቅ ተፈለገ፤ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ጨዋታን የሚያይ ጥቂት ነውና። በ2022 ፎክስ፣ ሲ.ቢ.ኤስ. እና ኤን.ቢ.ሲ. ለዚሁ ለቢግ ቴን ማኅበር ለሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተዋዋሉ። ከ1984 በፊት ሁለቱ ኩባንያዎች ለአገሪቱ ኮሌጆች ባንድነት በአራት ዓመት ለመክፈል የተዋዋሉትን፣ የዶላር ዋጋ በመካከሉ መውደቁን ሳንረሳ፣ ከዚህ ጋር ማስተያየት ይበቃል፤ ዛሬ አንድ ማኅበር ብቻውን በአንድ ዓመት ከዚያ ሦስት ዕጥፍ በላይ ያገኛል።

ሁለቱ የቀሩት

በ2021 ኦክላሆማና ቴክሳስ ወደ ደቡብ ምሥራቁ ማኅበር ለመሄድ መወሰናቸው ተሰማ፤ በ2024ም ገቡ። በዚህም ምክንያት በኦክላሆማና በኦክላሆማ ስቴት መካከል ከ1910 ጀምሮ በየዓመቱ ሳያቋርጥ ይደረግ የነበረው ግጥሚያ በኖቬምበር 2023 ተቋረጠ። ኦክላሆማ ስቴት ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም፤ በ1950ዎቹ ዓመታት በውል መምህራን ልኮ የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬውን የሐረማያ ዩኒቬርሲቲ፣ ያቋቋመ እርሱ ነው።

በጁን 2022 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቬርሲቲና የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቬርሲቲ ፓክ ትዌልቭን ትተው ወደ ቢግ ቴን ለመሄድ ወሰኑ። የሎስ አንጀለስ ከተማ ተመልካች አብሮ ሄደ፤ ለቀሩት ዐሥሩ ኮሌጆች ገዥ እየጠፋ መጣ። ማኅበሩ ከዓመት በላይ ሲደራደር ቆይቶ ያቀረበው ውል፣ ጨዋታው በአፕል ኩባንያ አማካይነት በኢንተርኔት ለሚከፍሉ ተመልካቾች የሚታይበት ነበር። ይህ ላልጣማቸው መሄድ ቀላል ሆነ። አስቀድሞ ኮሎራዶ፣ ኦገስት 4 ቀን ኦሪገን፣ ዋሽንግተን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ፣ በሴፕቴምበር ደግሞ ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ ወጡ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተቀበላቸው በሌላው ውቅያኖስ ስም የተጠራው የአትላንቲክ ዳርቻ ማኅበር ነው፤ ያውም ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሙሉው ድርሻ 30 በመቶ ያህል ብቻ ሊቀበሉ ተስማምተው ነው። «ታላላቆቹ ዐሥር» የተባለው ማኅበር የአባሎቹ ቁጥር ዐሥራ ስምንት ሆኖ ሳለ ስሙ እስከ ዛሬ ዐሥር ነው።

የቀሩት ሁለቱ ዋሽንግተን ስቴትና ኦሪገን ስቴት ናቸው። ሁለቱም ድኻውን የገበሬና የሠራተኛ ልጅ እርሻንና ምሕንድስናን እንዲያስተምሩ መሬት በተሰጣቸው የመንግሥት ኮሌጆች ሥርዓት የቆሙ ናቸው። ዋሽንግተን ስቴት የሚገኘው በስንዴ እርሻዎች መካከል ባለችው በትንሿ በፑልማን ከተማ ነው። በሩጫ ታሪክ የታወቀው ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ በ1978 በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ሬኮርድ የሰበረው የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ ነው። እነዚህ ሁለት ኮሌጆች ደንብ አላፈረሱም፤ ከሁሉም ተሸናፊዎች ሆነውም አይደለም። ጥፋታቸው በአጠገባቸው የሚቈጠር የቴሌቪዥን ቤት ማነሱ ብቻ ነው። በሴፕቴምበር 2024 ዋሽንግተን ስቴት ትቶት የሄደውን ጎረቤቱን የዋሽንግተንን ዩኒቬርሲቲ በሲያትል ከተማ 24 ለ19 አሸነፈ፤ ድሉ ግን ገበያውን አልለወጠውም።

ወጪና ገቢው

ፍርዳችን ያዘነበለ እንዳይሆን የሄዱትንም ምክንያት መስማት ይገባል። በአብዛኛው ኮሌጅ ዋናውን፣ ሩጫውን፣ መረብ ኳሱንና የሴቶቹን ስፖርት የሚመግበው የእግር ኳሱ ገቢ ነው። የሎስ አንጀለሱ ዩኒቬርሲቲ የስፖርት ክፍል ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጉድለት ነበረበት። ስታንፎርድ በ2020 ዐሥራ አንድ የስፖርት ዐይነቶችን ለመዝጋት ወስኖ፣ በ2021 በብዙ ልመና መለሳቸው። ገንዘቡ ሲቀር የሚሆነውንም በዋሽንግተን ስቴት አየን፤ የሮኖ ትምህርት ቤት በ2025 የዝላይና የውርወራ ውድድሮችን እንደሚያስቀር አስታወቀ። ስለዚህ «ገንዘቡ ይቅር፣ ጉርብትናው ይበልጣል» ማለት ለተመልካች ቀላል ቢሆንም፣ በጀት ለሚያዘጋጅ ሹም ቀላል አይደለም።

የሆነ ሆኖ ገንዘቡ የራሱን ወጪ ይዞ ይመጣል። ከስታንፎርድ እስከ ቦስተን ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሮማ ድረስ ከመብረር ብዙም አያንስም። የሰዓቱም ልዩነት ሦስት ሰዓት ነው። የእግር ኳስ ተጫዋች በሳምንት አንድ ጊዜ ስለሚጋጠም ጉዞው ብዙ አይከብደውም፤ በሥራ ቀን ጭምር የምትጫወተው የመረብ ኳስ ተጫዋች ግን ደብተሯን በአውሮፕላን ውስጥ ታነባለች። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይባላል፤ በዚያ የሰማይ መንገድ የሚጓዘው ግን ውሉን የፈረመው ሹም ሳይሆን ተማሪው ነው።

ተጫዋቾቹም ይህን ሁሉ እያዩ ዝም አላሉም። የነፃ ትምህርት ዕድል ብቻ ተቀብለው ሌላው ሲከብር የኖሩት ተማሪዎች በየፍርድ ቤቱ ተከራክረው፣ ጁን 2025 በጸደቀ የዕርቅ ውል መሠረት እያንዳንዱ ዩኒቬርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለተጫዋቾቹ እንዲያካፍል ተፈቀደ። ይህ ለእነርሱ የሚገባ ነው። ነገር ግን ዩኒቬርሲቲው ዐዲስ ወጪ ስላገኘው፣ ወደ ትልቁ ውል የሚያሳድደው ምክንያት ዐብሮ ጨመረ።

ለሹም የሚሆን ትምህርት

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። እያንዳንዱ የዩኒቬርሲቲ ፕሬዚዳንት ለተሾመበት ተቋም ጥቅም ቆሟል፤ ያንንም ባያደርግ ይወቀስ ነበር። ችግሩ ለየግሉ የሚቆም ዐሥራ ሁለት ሰው ሲገኝ፣ ለጋራው ነገር እንዲቆም የተሾመ አንድ እንኳ አለመኖሩ ነው። የተበደሉት ራሳቸው ከዚህ ሕግ አልወጡም። ዋሽንግተን ስቴትና ኦሪገን ስቴት በ2023 በፍርድ ቤት ተከራክረው የማኅበሩን አስተዳደር በእጃቸው ካደረጉ በኋላ፣ ማኅበሩ ከጁላይ 2026 ጀምሮ እንደ ገና እንዲቆም አዲስ አባሎችን ሰበሰቡ፤ ከእነዚያ መካከል አምስቱን ያመጧቸው ከጎረቤታቸው ከተራራማው ምዕራብ ማኅበር ነው። የተዘረፈው ሰው ቤቱን ለመሙላት የጎረቤቱን አጥር ነቀነቀ።

ከዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሥራ ለብቻው ሊጠቀስ ይገባዋል ብለን እናምናለን። የሎስ አንጀለሱና የበርክሊው የካሊፎርኒያ ዩኒቬርሲቲዎች የሚተዳደሩት ባንድ የበላይ ቦርድ ነው። ሎስ አንጀለስ ወደ ሀብታሙ ማኅበር ሲሄድ በርክሊ እንደ ተጎዳ ቦርዱ ስለ ተመለከተ፣ በ2024 ሎስ አንጀለስ ለበርክሊ በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። ገንዘቡ ከሚሊዮኖቹ ብዛት አንጻር ትልቅ አይባልም፤ የሄደውንም ጉርብትና አይመልስም። ነገር ግን የአንዱን ትርፍ ባንድ ዐይን፣ የሌላውን ጉዳት በሌላው ዐይን የሚያይ ሰው በሥልጣን ቦታ ላይ በተቀመጠበት ስፍራ፣ የሄደው የቀረውን እንዲያስብ ማድረግ እንደሚቻል ያሳያል።

ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር የምትቀመጡ ወጣቶች ይህን የመሰለ ውል በእጃችሁ መግባቱ አይቀርም፤ ቴሌቪዥን ባይሆን የውሃ፣ የመንገድ ወይም የትምህርት ቤት ጉዳይ ይሆናል። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ለመሥሪያ ቤታችሁ ምን እንደሚያስገባ መጠየቃችሁ ግዴታችሁ ነው። በዚያው ገጽ ላይ ጎረቤታችሁ ምን እንደሚቀርበትም ብትጽፉበት፣ ዋሽንግተን ስቴትና ኦሪገን ስቴት ብቻቸውን ሲቀሩ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ጠየቃችሁ ማለት ነው።